ራስ የሌላት ሴትዮ

በዚያ ከተማ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሟች ሴቶች ከአንገታቸው በላይ የተለያዩ ናቸው፤ ከአንገታቸው በታች ግን አንድ ሰው ናቸው። ያቺ ሰው ደግሞ አልሞተችም። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ተሻግራ ፎቶ ቤት ትገባለች፣ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፣ ደረቷን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታሳርፍና ፎቶ የማስተካከል ሥራዋን ትጀምራለች። ደረቷን የምታሳርፈው ከስንፍና አይደለም፤ ካላሳረፈችው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንገቷ ይቆለፋል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ቤተሰቡ ፎቶ ፍለጋ ሳጥን ለሳጥን ይበረብራል። የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሱት፣ ጥጉ ላይ የማኅተም ቀለም ያረፈበት፣ ፊታቸው ፖሊስ የጠራቸው ይመስል ክው ያለ። ልጆቹ ያንን ይዘው ይመጡና ተለቅ ብላ፣ ተቀምጣ፣ ጥሩ ልብስ ለብሳ ትውጣልን ይላሉ። ለወንዶቹ ችግር የለም፤ ኮትና ከረባት የለበሰ ወንድ የትም ሞልቷል። ለሴቶቹ ግን ገላ ያስፈልጋል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ የአስተካካይዋ እናት ታናሽ ወንድም፣ ኮምፒውተር በገዛ ሰሞን ይህን ገላ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ዓይኑ አዲስ በቀጠራት የእህቱ ልጅ ላይ አረፈ። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። የእናቷን ጥቁር ቀሚስ አስለበሳት፣ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስደርቦ አነሳት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንገቷን ቆረጠና የቀረውን አስቀመጠው። የፋይሉን ስም ‹‹ሴትዮዋ›› አለው።

ለምን እሷን እንደ መረጠ አልደበቀም። ሟች ሞላ ብላ መታየት አለባት ባይ ነው፤ አጥንቷ የወጣች እናት ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ልጅ የለም፣ እንግዳ ሲገባ ‹‹ሳያበሏት ገደሏት›› ይላል። የእህቱ ልጅ ደረት ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዋን በሙሉ ከሲታ ሆና የኖረች፣ ነፋስ ይወስዳታል ስትባል የነበረች ሴት እንኳ በሞተች በሳምንቱ ደረተ ሙሉ ሆና ትወጣለች። ቤተሰቡም አልቅሶ፣ መርቆ፣ ፍሬሙን አቅፎ ይሄዳል። አንድም ሰው ‹‹እናታችን እንዲህ አልነበረችም›› ብሎ መልሶ አያውቅም። ሰው ለሞተበት ሰው ሲሆን ቸር ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያስቃት ነበር። ለቅሶ ልትደርስ በገባችበት ቤት ሁሉ ቀና ስትል ራሷን ታያለች። የቀኝ አውራ ጣቷ ግራ መዳፏ ውስጥ ተወሽቋል፤ ቀሚሱ ደረቷ ላይ ተወጥሮ አንዲት ሽብሽብ ወደ ብብቷ ትሮጣለች። ከላይ የሌላ ሰው ፊት አለ። ያቺን ሽብሽብ ማጥፋት ነበረብኝ ብላ ታስባለች እንጂ ሌላ ሐሳብ አይመጣባትም ነበር። አንድ ቀን ግን ከሰፈሯ ራቅ ያለ ቤት ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ፣ ድክ ድክ የምትል ሕፃን ከሰው ጭን ወርዳ ግድግዳውን አየች። ቀጥላ እሷን አየች። እንደገና ግድግዳውን አየች። ከዚያ መጥታ ፊቷን በአስተካካይዋ ደረት ውስጥ ቀበረችና ‹‹አያቴ›› አለች። ሊያነሷት ቢሞክሩ ሕፃኗ እሪ ብላ ቀሚሷን ሙጭጭ አለች። አስተካካይዋ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስትገባ በሙቀትም ቢሆን ደረቷን በሻርፕ ትሸፍናለች፣ የምትቀመጠውም ፎቶው በተሰቀለበት በኩል ግድግዳውን ተደግፋ ነው።

እንግዲህ ለሟቾቹ ያማረው ነገር ለገላው ባለቤት አልበጃትም። ትምህርት ቤት ሳለች ‹‹ትራስ›› ይሏት ነበር፤ ዛሬም መንገድ ላይ በዚያ ስም የሚጠራት ጎልማሳ አይጠፋም። የጡት ማስያዣዋ ማንገቻ ትከሻዋን ሰርጉዶ ቦይ አውጥቶበታል። ሲሞቅ ከጡቷ ሥር ቆዳዋ ይላጣል። ሮጣ አታውቅም፤ አውቶቡስ ካመለጣት አመለጣት ነው። በሆዷ ተኝታ አታውቅም። ሰው ሲያናግራት ዓይኑ ከደረቷ ተነስቶ ፊቷ ጋ እስኪደርስ በትዕግሥት መጠበቅ ለምዳለች። ይህን ሁሉ ችላ ኖራ፣ ዕድሜዋ ሠላሳን ሲሻገር ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ። ማውስ የሚይዝ እጅ ሲደነዝዝ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

የመረመረቻት ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም በዕድሜ ከሷ ብዙም የማትበልጥ፣ መዳፏን አፍተልትላ ሳታሞቅ ሰው የማትነካ ሴት ናት። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየችና ‹‹ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ሕመም ነው›› አለቻት። አስተካካይዋ እዚያው አለቀሰች። ያን ቃል ሰው ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ግን ሐኪሟ ያልጠበቀችውን ጥያቄ አመጣች። ‹‹ምን ያህል ይቀነስልሽ?››

አስተካካይዋ ይህን ሐኪም የሚያውቀው ነገር ይመስላት ነበር። የጥርስ ሐኪም ምን ያህል ልንቀል ብሎ አይጠይቅም። ሐኪሟ ግን ወንበሯን አስጠግታ በደንብ አስረዳቻት። ትንሽ ብቻ ከተቀነሰ ሕመሙ ቀለል ይላል እንጂ ላይለቃት ይችላል። ብዙ ከተቀነሰ ይለቃታል፤ ነገር ግን ወደፊት ብትወልድ የማጥባት ዕድሏ ያንሳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ የተቆረጠውን መመለስ የለም። የምትኖርበት እሷ ስለ ሆነች መወሰን ያለባትም እሷ ናት። ‹‹በቃል ስንነጋገር አንግባባም፤ እኔ ‘ትንሽ’ የምለውና አንቺ ‘ትንሽ’ የምትይው አንድ አይደለም። የምትፈልጊውን የሚመስል ፎቶ ይዘሽልኝ ነይ›› አለቻት።

ከፎቶ ጋር ውላ ለምታድር ሴት ይህ ቀላል የቤት ሥራ ነበር። እንዲያውም ከሆስፒታሉ ስትወጣ ፈገግ እያለች ነው የወጣችው።

ቤት ስትደርስ ግን እናቷ አለች። እናት ያንኑ ደረት ተሸክማ ጎብጣለች፤ ወንበር ስትመርጥም የምትመርጠው አጠገቡ ጠረጴዛ ያለውን ነው። ልጇ እንዲቀነስላት አልተቃወመችም፤ የተከራከረችው በመጠኑ ነው። ለልጅ የሚተርፍ ይተዉልሽ አለች። አስተካካይዋ ባል በሌለበት ስለ ልጅ ምን ያነጋግረናል ስትል፣ ባል መምጣቱ አይቀርም፣ ቆርጠው የጣሉት ግን ተመልሶ አይመጣም አለች እናት። ማታም ጠዋትም ይኸው ነው ንግግሯ፦ ትንሽ ብቻ፣ ለልጅ የሚሆን።

ለአጎቷ ምንም አልተነገረውም። ስለ ጡት ከአጎት ጋር አይወራም። በእርግጥ ያ አጎት ስንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጡት ስክሪን ላይ ሲጎትትና ሲገፋ ኖሯል፤ ያ ግን ሥራ ነው፣ ይሄ ወሬ ነው።

አጎቷ ሠርግ ሊያነሳ በወጣበት ቀን ‹‹ሴትዮዋ›› የተባለውን ፋይል ከፈተች። ኮፒ አደረገቻትና ከደረቷ ላይ እናቷ የምትለውን ያህል ትንሽ ቀነሰች። ጠርዙን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ጥላውን ሳሳ፣ የቀሚሱን ውጥረት ላላ ማድረግ ነው። ሽብሽቧ ጠፋች። አየችው፣ ወደደችው፣ ሴቭ አደረገችው። በማግስቱ ስትገባ አጎቷ ቀድሟት ነበር፤ ያ ገላ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ላዩ ላይ የአንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ራስ ተቀምጦበታል።

አጎቷ በጣም ደስ ብሎታል። አዲስ ሴትዮ መሥራቷን አመሰገነ፤ እኚህ ደቀቅ ያሉ ስለ ነበሩ እንደ ገጠመቻቸው፣ ከእንግዲህ ለሁሉም አንድ ገላ መስጠት እንደሚቀር ነገራት። ‹‹ያቺ የኔ ናት›› ማለት አማራት፤ ቢጠይቃት ምን ልትለው ነው? ‹‹እሺ›› ብላ ተቀመጠች። አዋላጇ ከጠረጴዛው ላይ አዩዋት። ሆስፒታል ገብታ፣ አስተኝተዋት፣ በአዋላጇ ገላ ውስጥ ስትነቃ ታያት። ምን ነካሽ ብላ ራሷን ተቆጣች። ያንን ልክ ግን ከዚያ በኋላ አልፈለገችውም።

ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለ። ባለቤቷ ቀጥ ያለች፣ ነጭ ጋውኗ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ያለ ምንም እንቅፋት የሚወርድ ሴት ናት። ቁልፏን ይዛ በመኪኖቹ መሐል ሮጣ ስትሻገር እጇን ደረቷ ላይ አታደርግም፤ አስተካካይዋ ይህን ለዓመታት በመስኮት አይታ ቀንታለች። ክፉ ቅናት አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ኮፒ ከፈተችና በመስኮት እያየች መቀነስ ጀመረች። ታያለች፣ ትገፋለች፣ ደግማ ታያለች። ከደረቱ ሌላ ትከሻውንም ቀና አደረገችው፤ አንገቱንም ትንሽ አስረዘመችው። ስትጨርስ ራስ የሌላት ቀጥ ያለች ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ይሄ ነው፣ ይሄን ይዤ ነው የምሄደው አለች። ልክ በዚያች ቅጽበት ባለ መድኃኒቷ ከመስታወቷ በስተጀርባ ቀና ብላ ወደሷ አየች፣ እጇንም አውለበለበችላት። አስተካካይዋ ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሰው ደንግጣ እጇን አውለበለበች። ፋይሉን እንደ መጀመሪያው ሜዳ ላይ አልተወችውም፤ የራሷ ፎልደር ውስጥ፣ ከድሮ የሠርግ ፎቶዎች ሥር ቀበረችው።

ከዚያ የደምና የልብ ምርመራ ስለ ታዘዘላት ከሥራ ቀረች። ስትመለስ መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል፤ መዝጊያው ላይ ዙሪያው የጠቆረ ወረቀት ተለጥፏል። ባለ መድኃኒቷ ራሴን አመመኝ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር አሉ። ደንበኛ ገብቶ ቢጠራት አልመለሰችም።

አስተካካይዋ ፎቶ ቤት ገባች። ባንኮኒው ጋ አንድ ወጣት ቆሞ እንባውን ይጠርጋል፤ የባለ መድኃኒቷ ወንድም ነው። እህቱ ፎቶ መነሳት የማትወድ ስለ ነበረች ከሥራ ፈቃዷ ላይ የተነቀለ ጉርድ ፎቶ ይዞ መጥቷል። አጎቷ ኮምፒውተሩን ሲከፍት መጨረሻ የተሠራበት ፋይል ራሱ ብቅ ብሎለታል፤ ሌላ አዲስ ሴትዮ መስላው የሟቿን ራስ አስቀምጦባታል። ያ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን አንገት ሲያጋጥም የኖረ ነው፤ ሁልጊዜ መገጣጠሚያው ላይ መፋቅ፣ መቀባት፣ ማደብዘዝ አለ። በዚህኛው ላይ ግን እጁ ምንም አልነካም። ራሱ ሄዶ ቁጭ አለ።

ወንድሟ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ‹‹እሷ ራሷ ናት›› አለ። ‹‹ትከሻዋ ሳይቀር። እንዴት አወቃችሁ?››

አጎቷ በኩራት በአገጩ ወደ እህቱ ልጅ ጠቆመ። ወጣቱም እጇን ይዞ አመሰገናት። እጇ ደንዝዞ ስለ ነበር መያዙ እንኳ አልተሰማትም።

አስተካካይዋ ሞኝ አይደለችም። የጭንቅላት ደም ሥር በፎቶ ምክንያት እንደማይፈነዳ ታውቃለች፤ ባለ መድኃኒቷ ስትሞት እሷ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ተሰልፋ እንደ ነበርም ታውቃለች። ነገር ግን ያንን ገላ ስትሠራ ባለቤቷ በሕይወት ነበረች፤ ሠርታ ስትጨርስ ገላው ራስ እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር። ይህን ከአእምሮዋ ማውጣት አልቻለችም። ፈራች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳታይ መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ ዓይኗ የአንዷ ደረት ላይ ሲያርፍ ቶሎ ታነሳዋለች። የሴት ደረት ማየት የሚያፍር ዓይን ያላት ሴት ስትሆን ራሷን ታዘበች።

የሐኪሟ ቀጠሮ ግን እየቀረበ ነው፤ ፎቶም የለም። ቁጭ ብላ ስታስብ ጥፋቷ ተገለጠላት፤ ወይም የተገለጠላት መሰላት። ጥፋቱ ገላውን ክፍት መተዋ ነው። ራስ የሌለው ገላ ያገኘውን ራስ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሌላው ሳይቀድማት የራሷን ራስ ታደርግበታለች። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሌላ ሰው ላይ ቢመጣ ትስቅ ነበር። ሰዎች ለአልጋና ለምጣድ ልክ እንደሚወስዱት ቀላል ነገር አድርጋ ወሰደችውና፣ አጎቷ ለምሳ ሲወጣ ሦስተኛ ኮፒ ከፈተች። ይህኛውን ማንንም ሳታይ፣ ሐኪሟ ‹‹ብዙ›› ያለችውን ያህል ቀነሰችው። ከዚያ የራሷን ጉርድ ፎቶ አምጥታ አንገቱ ላይ አስቀመጠችው።

በዚያ ገላ ላይ የራሷ ራስ ሲቀመጥ ከዚያ ወንበር ከተነሳች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አተኩራ አየችው። ልኩ መጥፎ አልነበረም፤ ትከሻዋ ቀለል ብሏት ተቀምጣለች። ፊቷ ግን ክው ብሏል። እንደ ሁሉም። ዓይኗን ይሁን አገጯን አስተካክላ ልታየው ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ በሩ ሲከፈት አልሰማችም።

‹‹ነፍስ ይማር›› አለ አጎቷ ከጀርባዋ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፣ ምሳውን ገና እያላመጠ ነው። ‹‹ገና ልጅ ናት እኮ! የማን ናት?››

አልዞረችም። ዞራ ፊቷን ብታሳየው እንዳያውቃት ፈራች። ‹‹የእህትህ ናት፣ ጋሼ›› አለችው።

ማላመጡን ተወ። መነጽሩን አወረደና ጎንበስ አለ። ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ የተቀመጠችውን አየ፤ ያቺ ሕፃን ለቅሶ ቤት እንዳደረገችው ደግሞ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወንበር ሳይፈልግ የካርቶን ክምሩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ነገረችው፤ ሕመሙን፣ ሐኪሟን፣ አዋላጇን፣ በመስኮት የሰረቀችውን ገላ፣ ሁሉንም። ስለ ጡት ከአጎቷ ጋር አወራች፤ ሰማይም አልተናደም።

አጎቷ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ለሁሉም ነገር የሚጥላት ነገር አለችው። አሁን ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ‹‹ስንት ዓመት ሙሉ ራስ ስቀጥልበት›› አለ በመጨረሻ፣ ‹‹አንድ ቀን እንኳ ያንቺ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። እቃ ነበር የሚመስለኝ። አሁንም የገዛ ልጄን ፊት እያየሁ ሙት ነው የታየኝ፤ እዚያ ላይ ያረፈ ሁሉ ሙት ነዋ።›› ከዚያ ተነስቶ ማውሱን ያዘና ሴትዮዋን ከነጭራሹ ላጥፋት አለ።

አስተካካይዋ እጁን ያዘችው። አሮጌዋን ሴትዮ ይተዋት፤ እሷ የሰዎቹ ናት፣ ስንቱ ቤት ለእናቱ በሷ ፊት አልቅሷል። ሦስቱን ኮፒዎች ግን ራሷ አጠፋቻቸው። ከመጨረሻዋ ኮፒ ላይ መጀመሪያ የራሷን ራስ አነሳች፤ ለአንድ አፍታ ያ ቀለል ያለ ገላ እጆቹን ደርቦ ባዶ አንገቱን ወደሷ አድርጎ ተቀመጠ። ቶሎ ብላ አጠፋችው። አጎቷም ሥራ ዘግተን እንሂድ አለ።

አጎቷ ስልክ ደውሎ ስለ ነበር ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ገብቷል። እናቷ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል። ወንድሟን አፉ አያርፍ፣ ድሮም የገዛ ጥላውን ሳያይ የሚራመድ ነው ብላ ሰደበችው። ከዚያ ስድቡ አለቀባት። የሻርፗን ጫፍ እየጠመዘዘች ‹‹ትንሽ ብቻ ያልኩሽን ተዪው›› አለች።

‹‹ለልጅ የሚተርፍ ያልሽውስ?››

‹‹ይሄን ሁሉ ተሸክሜ አንቺን ያሳደግሁሽ በጡጦ ነው። ጠብታ አልነበረውም። ሰው ሁሉ ደረቴን እያየ ‘ልጅቷ ታድላ’ ይል ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ።››

አስተካካይዋ ጆሮዋን አላመነችም። ‹‹ለምን አልነገርሽኝም?››

‹‹ምን ብዬ? ለከንቱ ነው የጎበጥኩት ልበልሽ?›› አለች እናት። ከዚያ ራሷ ቀድማ ሳቀች። ሳቋ ደረቷን ሲያንቀጠቅጠው ልጅቷም ሳቀች፤ ሁለቱም ጠረጴዛውን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። ስትስቅ የነበረችው እናት ግን በመጨረሻ የልጇን ትከሻ፣ ያን ማንገቻው የሰረጎደውን ቦታ፣ በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። ያንን ቦታ ነክታው አታውቅም ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን አስተካካይዋ ባዶ እጇን ሄደች። ሐኪሟ ፎቶው የታለ ስትላት ‹‹የለኝም። ፎቶ ላይ ያየሁት ሁሉ የሰው ሆነብኝ›› አለቻት። ሐኪሟ ነገሩ አልገባትም፤ ግን አጥብቃ አልጠየቀቻትም። መስታወት ፊት አቆመቻት፣ መዳፎቿን አፍተልትላ አሞቀች፣ ከጀርባዋ ቆማ ጡቶቿን ከሥር ደግፋ ትንሽ አነሳቻቸው። ይሄን ያህል ክብደት ቢወርድልሽስ አለቻት። አስተካካይዋ መስታወቱን ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷ እንደ ተቆለፈ ነው፤ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሐኪሟ ጨመረች። አሁንም አይደለም። እንደገና ጨመረች፤ በዚያ ጊዜ ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ እስከ ጣቶቿ ድረስ የሆነ ነገር ፍትት አለ፣ ትንፋሿም እስከ ሆዷ ገባ። ሰው እንዲህ ነው ለካ የሚተነፍሰው ብላ አሰበች።

‹‹እዚህ ጋ›› አለች።

ሐኪሟ ይህ ብዙ መሆኑን፣ ልትቀንስ ከምትችለው መጨረሻ እንደሚጠጋ ነገረቻት። የማጥባቱን ነገር አስባበት እንደ ሆነ ጠየቀቻት። አስተካካይዋ አስቤበታለሁ አለች። ዋሽታ አይደለም፤ ከእናቷ ሳቅ በኋላ ሌላም ብዙ ሌሊት አስባበታለች፣ ሊቆጫት እንደሚችልም ታውቃለች። ምን እንደምትመስል አላየችም፤ ምን ያህል እንደሚቀላት ግን አውቃለች። በዚሁ ተስማሙ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ከኋላ የሚታሰር የሆስፒታል ጋውን አለበሷት። እናቷና አጎቷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አጎቷ አንድም ቀልድ አላመጣም። ውስጥ ሐኪሟ ጋውኑን አስወልቃ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደረቷ ላይ መስመሮች አሰመረች፤ የሚቆረጠውንና የሚቀረውን ለየች። ቀለሙ ይቀዘቅዛል። አስተካካይዋ አንገቷን ደፍታ መስመሮቹን ተከተለቻቸው፤ ሥራው ከሷ ሥራ ብዙም አይለይም፣ ይሄኛው ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ፍርሃት አልነበራትም ማለት ውሸት ነው።

ሐኪሟ ስትጨርስ ነርሷ ነጩ ግድግዳ ጋ እንድትቆም ነገረቻት። ከመሳቢያ ካሜራ አውጥታ መጣች።

‹‹ለፋይልሽ ነው›› አለች ነርሷ በደግነት። ‹‹ከአንገትሽ በታች ብቻ ነው የምናነሳው። ራስሽ አይገባም፣ አትጨነቂ።››

አስተካካይዋ ሌንሱ ዝቅ ሲል አየችው። የት ላይ እንደሚቆርጣት በትክክል ታውቃለች። እጆቿ ሳታዛቸው ሊደራረቡ ሲሉ ለየቻቸው፣ ወደ ጎኗም አወረደቻቸው።

‹‹ራሴም ይግባ›› አለች።

ነርሷ ይህ ደንብ መሆኑን፣ ደንቡም ለሷው ሲባል እንደ ወጣ፣ ፎቶውን ሌላ ሰው ቢያየው የማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ መሆኑን አስረዳቻት።

‹‹ገብቶኛል›› አለች አስተካካይዋ። ‹‹የማን እንደ ሆነ ይታወቅ። ራሴም ይግባ።››

ነርሷ ወደ ሐኪሟ ዞረች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን እየከደነች፣ ግድግዳው ጋ የቆመችውን ሴት ትንሽ አየቻትና ራሷን ነቅንቃ እሺታ ሰጠች። ነርሷም ካሜራውን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች፣ የአስተካካይዋ ፊት ጭምር እስኪገባላት ድረስ ወደ ኋላ ሄደች።